ከተክለ ሃይማኖት እስከ ቸርችል፦ ብርና አደይ አበባ

ወር በገባ በ24 ተክለ ሃይማኖትን ላየ ሰው የጌጥ ዐውደ ርእይ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም። ከቅዳሴ በሚወጡት እናቶች ነጠላ ሥር የብር መስቀል፣ ድሪ፣ አልፎ አልፎም የአያት አምባር ብቅ ይላል። በተለይ ነሐሴ 24፣ የጻድቁ ዕረፍት ሲከበር፣ ሰፈሩ ነጭ በነጭ ነው። አደይ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት የቀሩትም ያኔ ነው።

እነዚያን ጌጦች ቀረብ ብለው ይዩአቸው። ሐረግ፣ ቅጠል፣ ፍሬ የሚመስል ድቡልቡል ብር ይታይባቸዋል፤ በአንዳንድ የመጾር መስቀሎች ላይማ ወፎች ተቀምጠዋል። አንጥረኞቻችን ከተፈጥሮ መቅዳት የጀመሩት ዛሬ አይደለም።

አሠራሩ ደግሞ ከቅኔያችን ጋር ዝምድና አለው። ቅርጹ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለበጣል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ማዕድን ቦታውን ይይዛል። «ሰምና ወርቅ» የምንለው ከዚሁ ነው። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ሥራው ትዕግሥትም ጥንቃቄም ይጠይቃል።

ከሰፈሩ ወደ ቸርችል ጎዳና በእግር ሩቅ አይደለም። የስጦታ ዕቃ መደብሮቹ ውስጥ የብር መስቀልና የአንገት ጌጥ ያገኛሉ። ሲገዙ በግራም ያስመዝኑ። ማግኔት አልሳበውም ብለው ብቻ አይመኑ፤ መዳብንም ነሐስንም አይስብም።

ብዙ ቤተሰብን የሚያከራክረው ግን ሌላ ነው፤ የአያትን ጠገራ ብር አቅልጦ ለሙሽራዋ አዲስ ጌጥ ማሠራት። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው። ላዩ ላይ ያለው 1780 እ.ኤ.አ. የተመታበትን ዘመን ላያሳይ ይችላል፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯልና። ስለዚህ በገበያ ዋጋው ብርቅ ላይሆን ይችላል። ድሮም አንጥረኞች ሲያቀልጡት ኖረዋል። ቢሆንም፣ አያት አንገት ላይ የከረመውን እሳት ውስጥ ከመክተት በፊት ሁለት ጊዜ አስቡበት እላለሁ። ለእኔ ጠገራው እንዳለ ቢንጠለጠል፣ አደዩ በሌላ ብር ተሠርቶ ከጎኑ ቢገባ ይሻላል።

አበባውን ስታሠሩ የቅጠሎቹን ጫፍ ወደ ውስጥ ጎበጥ እንዲያደርገው ለአንጥረኛው ንገሩት። ሹል ከሆነ የነጠላውን ክር ይመዛል።