የክረምት ፊልም መለኪያ

ሆሊውድ ታላላቅ ፊልሞቹን በሚያወጣበት በሰኔና በሐምሌ፣ ደብረ ብርሃን ዝናብና በረዶ ይወርድባታል፤ አንኮበርም ጉም ለብሳ ትውላለች። ታዲያ የወቅቱን ምርጥና መናኛ ፊልሞች በምን እንለያቸው? በወጪያቸውና በፍንዳታቸው ብዛት ከሆነ ተሳስተናል፤ ጥሩ ፊልም የሚታወቀው የሰፈሩን ፍርሃት በማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሰኔ ላይ የወጣውን የሻርክ ፊልም «ጆስ»ን እንይ። የሚያስፈራው ሻርኩ ብቻ አይደለም፤ ገበያ እንዳይቀር ብሎ የባሕሩን ዳርቻ አልዘጋም የሚለው ከንቲባም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው አራተኛው ክፍል ግን ሻርኩን ቂመኛ አድርጎ አንዲትን እናት እስከ ባሃማስ አስከተለው። ሰፈሩም ምክንያቱም ጠፋና ፍርሃቱ ወደ መሳቂያነት ተለወጠ።

በዚህ መለኪያ የእኛም ፊልም የእኛን ክረምት ያሳይ ቢባል፣ «ዝናብ ያንገፈገፈው ሰው ፊልም ቤት የሚገባው ዝናብ ሊያይ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ወግ ያለው ጥያቄ ነው። ግን አሜሪካዊውስ ቢሆን ባሕሩን ትቶ ለ«ጆስ» የተሰለፈው ያንኑ ባሕር ሊያይ አልነበረም? ሰው የሚሸሸው ከድካሙ እንጂ ከኑሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ፍንዳታ የለውም፤ በጉ ለበዓል እንዳይታረድበት የሚማስን ልጅ ታሪክ ነው። በግ ሀብት ለሆነለት የመንዝና የደብረ ብርሃን ተመልካች ይህ ከሻርክ ይልቅ ልብ ያንጠለጥላል። ለእኛ የክረምት ፊልም፣ ነሐሴ ላይ ጎተራው የተሟጠጠበት አንድ ቤት በቂ ነው።