አንድ መስክ ወይስ ብዙ?

መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ስፌሬክስ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ቀጠሮው ሲራዘም ሰንብቶ ዛሬ ማለዳ፣ በእኛ 12 ሰዓት ከ10 ላይ፣ ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ ተወነጨፈ። ቴሌስኮፑ መላውን ሰማይ በ102 የኢንፍራሬድ ቀለማት እያነሣ 450 ሚሊዮን ያህል ጋላክሲዎችን ይመዘግባል። ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚያጓጓኝ አንዱ ነው፦ ዩኒቨርስን በተወለደ ቅጽበት የለጠጠው፣ ኢንፍሌሽን የምንለውን ያስነሣው፣ አንድ መስክ ነው ወይስ ከአንድ በላይ?

መጋቢት 5
ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሳነሣ አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ያኔ ማን ነበረና?» አለኝ። ማንም አልነበረም፤ አሻራው ግን ቀርቷል። የፕላንክ ሳተላይት በሠራው የጥንታዊው ብርሃን የሰማይ ካርታ ላይ ከቦታ ቦታ ያለው የሙቀት ልዩነት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። መስኩ አንድ ብቻ ከነበረ፣ የእነዚህ ልዩነቶች ሥርጭት ከተለመደው የደወል ቅርጽ ፈቀቅ የሚለው ለማየት በሚያስቸግር መጠን ነው። ከርቫተንን በመሰሉ ሞዴሎች፣ ማለትም ሁለተኛ መስክ ሲጨመር፣ ፍንገጣው ሊጎላ ይችላል። የፍንገጣው መለኪያ ኤፍ-ኤንኤል ይባላል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱን የፕላንክ ውጤት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ −0.9 ± 5.1።
«ታዲያ ዜሮ ነው በሉና!» አለች አንዷ ከኋላ።
ዜሮም ሊሆን ይችላል። 3 ቢሆን፣ −5 ቢሆንም ይህ ልኬት አይከለክልም። በቀላሉ የከርቫተን ሞዴል፣ ከርቫተኑ የበላይነቱን ከያዘ፣ የሚጠበቀው −1.25 ነው፤ እሱም እዚያው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ስፌሬክስ ስሕተቱን ከ1 በታች ለማውረድ የተነሣው ለዚህ ነው።

መጋቢት 12
በኤፍ-ኤንኤል ቁጥር ቶሎ መደሰት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ከደብሊው-ማፕ ሳተላይት መረጃ 87 ገደማ ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወራ፤ በ2013 ፕላንክ 2.7 ± 5.8 ብሎ ወሬውን አቀዘቀዘው። ስፌሬክስ ደግሞ ምልክቱን የሚፈልገው ጋላክሲዎች እጅግ ሰፊ በሆነ ርቀት እንዴት እንደሚሰባሰቡ በማየት ነው። በዚያ ርቀት የራሳችን ጋላክሲ አቧራም ሐሰተኛ ምልክት ሊፈጥር ይችላል።
ፈተናው ራሱ ሁለቱን ወገን እኩል አይፈትንም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ክሬሚኔሊና ዛልዳሪያጋ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ቁጥሩ ከዜሮ በግልጽ ከራቀ የተለመዱት ባለ አንድ መስክ ሞዴሎች በሙሉ ይወድቃሉ። ዜሮ አጠገብ ከቀረ ግን ባለ ብዙ መስኮቹ አይሞቱም፤ ብዙዎቹ ትንሽ ቁጥር መስጠትም ያውቁበታል። ስለዚህ ውጤቱ ዜሮ ሆኖ ቢመጣ «አንድ መስክ አሸነፈ» የሚል ርእስ እንዳላነብ እመኛለሁ። ያኔ ማለት የሚቻለው፣ ሁለተኛው መስክ ኖሮ ከሆነ ድምፁን አጥፍቶ ነበር ነው።