ከሰሊጥ ቆላ እስከ ውሽውሽ ሻይ

የሻይ ተክል ዝም ብለው ቢተዉት ረጅም ዛፍ ይሆናል። ውሽውሽ ላይ ግን ከወገብ አያልፍም። አናቱ እየተከረከመ ስለሚያድግ ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ምንጣፍ የለበሰ ይመስላል። እኔ ያደግሁት አብርሃ ጅራ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ሰሊጡና ማሽላው ወደ ሱዳን ድንበር በሚዘረጋበት ሞቃት ቆላ። ሻይ የማውቀው በብርጭቆ ቀርቦልኝ፣ ስኳሩ በዝቶ ነበር።

ወደ ካፋ የወሰደኝ ሽርሽር አይደለም። ታላቅ እህቴ መምህርት ሆና እዚያ ከተመደበች በኋላ አግብታ ቀረች። እናታችን «ሂድና ዓይኗን እይልኝ። ቦታዋ ታጥሮ እየጠበቃት ነው፤ መቼ ትመጪያለሽ ብለህ ጠይቅልኝ» ብላ ላከችኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከጅማ በኋላ ቁልቁል ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወረዳል። እዚያ ሙቀቱ ለአፍታ አገሬን አስታወሰኝ። ከዚያ ሽቅብ ነው፤ ቦንጋ፣ ቀጥሎ ውሽውሽ፣ 1,900 ሜትር ግድም ላይ። የምትሄዱ ሰዎች ጃኬት ያዙ፤ ዝናቡ በበጋም አይታመንም።

ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ የገረመኝ ሥራው ነው። እኛ ዘንድ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ሲደርስ የፍሬው መያዣ ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የእኛ ሰው ሳሉግ የሚላቸው ሠራተኞች ከየደጋው ይወርዱና በጥቂት ሳምንታት አጭደው፣ አስረው፣ አቁመው ይመለሳሉ። የሰነበተ የለም። ውሽውሽ እንዲህ ያለ ጥድፊያ አላየሁም። ያው ቁጥቋጦ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለቀማል፤ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እንቡጥ ብቻ። ተክሉ ከተያዘ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ለቃሚዋም ልጆቿን እዚያው ታሳድጋለች። ሥራው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ቅርጫት አዝሎ በዝናብ ቁልቁለት ላይ መዋል ምን እንደሚመስል ጉልበታቸው ይናገራል። የተለቀመው ሳይዘገይ ፋብሪካ ይገባል። ይጠወልጋል፣ ይቆራረጣል፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ይደርቃል። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ አራት ኪሎና ከዚያ በላይ እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል። ይህን ካየሁ ወዲህ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ትቼ አልነሳም።

ቅመሙ ያለው ደግሞ ጫካው ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የካፋ ደን የዱር ቡና የሚበቅልበት ነው። ኮረሪማውም በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ቀይ ፍሬውን ከመሬት ጠጋ አድርጎ ያፈራል። ጢሚዝ እዚያው ዛፍ ተደግፎ አየሁት። የእናቴ በርበሬና ንጥር ቅቤ ያለ ኮረሪማ አይሆንም፤ ግን ዛፍ ይሁን ሐረግ፣ እንዴት እንደሚያፈራ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

የእናታችንን መልእክት በሦስተኛው ቀን ማታ ነገርኳት። እህቴ ዝም ብላ ቡናውን ቀዳች። ጠዋት ጓሮዋ ወሰደችኝና ከእንሰቱ ሥር ክረምት ላይ የተከለችውን ኮረሪማ አሳየችኝ።

«ይሄ መቼ ያፈራል?» አልኳት።

«ሦስት ዓመት ግድም ይፈጃል።»

«ታዲያ ለእማዬ ምን ልበላት?»

«ሲያፈራ መጥታ ራሷ ትልቀመው በላት።»

ትንሿ ልጇ ተከትላን ነበር። «አጎቴ፣ ሰሊጥም እንደዚህ ጥላ ይወዳል?» አለችኝ። በስልኬ የነበረውን የማሳችንን ፎቶ አሳየኋት። «ዛፍ የለም እንዴ?» ብላ እናቷን አየቻት፤ እህቴም ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ ስታይ ቆየች።

አብርሃ ጅራ ስደርስ እናቴ የተላከላትን ሻይ ወደ ጎን አድርጋ ኮረሪማውን አነሳች። አሸተተችው። መልእክቱንም ነገርኳት። ስለ ቦታውም ሆነ ስለ አጥሩ አንድም ነገር አላነሳችም።

«ከጎንደር እዚያ ድረስ በመኪና ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።