ዓሣው ምን አጥፍቶ ነው?

የባሕር ዓሣ ቤት ውስጥ ማኖር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። እኔም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ልጄ ዘንድ ለስድስት ወር እስክሄድ ድረስ የማውቀው ዓሣ የዝዋይንና የሐዋሳን ነበር፤ እሱንም ሳህን ላይ። የልጄ ሳሎን ውስጥ ግን ሶፋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ባለቤቱ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ኮራል አለው፣ ሽሪምፕ አለው፣ ቀንድ አውጣ አለው፤ ልጆች ከፊልሙ ወዲህ «ኒሞ» የሚሏቸው ብርቱካናማና ነጭ ክላውንፊሾችም ሁለት አሉት። እናንተም ውጭ አገር የልጅ ልጅ ካላችሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ገንዳ ፊት ትቀመጡ ይሆናልና ያየሁትን ላጫውታችሁ።

አምና ያንን ቤት ሐዘን ገብቶበት ነበር። ከአንድ ሱቅ የተገዛ አዲስ ዓሣ፣ ሻጩ እንደመከራቸው፣ ከነፌስታሉ 15 ደቂቃ ተንሳፍፎ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ተለቀቀ። ከሳምንት በኋላ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ገላው ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ዓሦች አለቁ። በሽታውን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ዓሣው ላይ ጥቂት ቀን ተመግቦ ይወርዳል፤ ድንጋይና አሸዋ ላይ ተጣብቆ ይባዛል፤ ከዚያ ብዙ ሆኖ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይወጣል። ነጥቡ ሲጠፋ ሰው «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል፤ እሱ ግን ሊባዛ ነው የወረደው። ዓሣ ካጣ ይሞታል። ስለዚህ ገንዳው 76 ቀን ያለ ዓሣ ቆየ። ልጁም 76 ቀን ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ሲቀልብ ከረመ። ክላውንፊሾቹ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በደረስኩ በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ባጠራቀመው ገንዘብ ሁለት ዓሣ ሊያዝ ተነሣ። መጀመሪያ ልቡ ያረፈው ፊልሙ ላይ ባለው ሰማያዊ ዓሣ ነበር። እሱ ግን ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በነጭ ነጥብ በሽታም ቶሎ ይያዛል። ከስንት ክርክር በኋላ ተወውና ሁለት ትንንሾች መረጠ፦ ሮያል ግራማ የሚባል፣ ከፊቱ ወይን ጠጅ ከኋላው ቢጫ የሆነ የካሪቢያን ባሕር ዓሣ፣ እና ፋየርፊሽ የሚባል ጭራው ቀይ የሆነ ቀጭን ዓሣ።

ዓሦቹ ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት በፎም ሣጥን፣ በየፌስታላቸው ደረሱ። ልጁ አንድ ቀጭን ቱቦ ቋጥሮ ጠብቋቸዋል፤ ውኃ ወደ ፌስታሉ ጠብ ጠብ እያደረገ ለሁለት ሰዓት ሊያለማምዳቸው። ቱቦውን ሳይ ደስ አለኝ፤ 35 ዓመት ሙሉ ጉሉኮስ እየሰቀልኩ ጠብታ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን በፌስታል ላደረ ዓሣ ረጅም ጠብታ አደጋ አለው። ዓሣው በታሰረ ፌስታል ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ውኃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ጉዳቱ ቀለል ያለ መልክ ይይዛል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል። ለሁለት ሰዓት እዚያው ማቆየት በገዛ ቆሻሻው መመረዝ ነው።

እኛ ሥራችንን የጨረስነው በዋዜማው ነው። ሻጩ የውኃው የጨው ልክ በመለኪያ 1.019 መሆኑን ነግሮናል፤ የሳሎኑ ገንዳ 1.025 ነው። የተለየውን ትንሽ ገንዳ በ1.019 አዘጋጅተን አሳደርን። ጠዋት ፌስታሎቹን ሳንከፍት 20 ደቂቃ አንሳፈፍናቸው፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል። መብራት አጠፋን። ከዚያ ከፍተን፣ ልኩን አረጋግጠን፣ ዓሦቹን ብቻ አስገባንና የፌስታሉን ውኃ ደፋን። ጨዉን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን በሳምንት 1.025 አደረስነው። ዓሣ ጨው ሲቀንስበት ይችላል፤ በድንገት ሲጨምርበት ግን ይጎዳል።

ትንሹ ገንዳ 40 ሊትር ሲሆን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። አሸዋ የለው፣ ድንጋይ የለው። ማሞቂያ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ መደበቂያ የሚሆን የቧንቧ ቁራጭ፣ ፋየርፊሽ ዘሎ ስለሚወጣም ከላዩ መረብ። ስፖንጁ ቀደም ብሎ ሳሎን ገንዳ ውስጥ የከረመ ነው፤ አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች እንዲሰፍሩበት።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ባዶውን መስታወት ሲያይ ቆየና «አባባ፣ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ በ2012 ዓ.ም. ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኮሮና የገባ ሰሞን፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችንን ተማሪ በወጣለት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ እንቀበል ነበር። ለይቶ ማቆያ፣ 14 ቀን። አንዲቷ በመስኮት «ዶክተር፣ ትኩሳት እንኳ የለኝም፣ ምን አጠፋሁ?» ትለኝ ነበር። ትኩሳት እንደሌላትማ ለክቼ አውቃለሁ። የታመመ ሰው ሆስፒታል ይገባል፤ ለይቶ ማቆያ ጤነኛ ለሚመስለው ነው። እስር ቤት የሚሆነው የሚመግብ፣ የሚጠይቅና የሚለካ ሰው ሲጠፋ ነው። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩትና ቻርት አስጀመርኩት። ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ፦ ሙቀት፣ ጨው፣ አሞኒያ፣ በላ ወይስ አልበላ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ተነፈሰ። የዓሣ ትንፋሽ የሚቆጠረው በስንጥቡ ክዳን እንቅስቃሴ ነው። ከአንድ ቀን ልምምድ በኋላ ከእኔ በላይ ጎበዝ ሆነ፤ ዓይኑ ደህና ነዋ!

በስድስተኛው ቀን የፋየርፊሹን ትንፋሽ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ያገኘው እሱ ነው። ምግብ አልነካም። በባትሪ ስናየው ገላው ላይ ደቃቅ ወርቃማ አቧራ የመሰለ ነገር አለ። ቬልቬት ይሉታል፤ ከነጭ ነጥቡ የባሰ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይገድላል። መድኀኒቱ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ሽሪምፕና ኮራል ስለሚገድል ሳሎን ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። ካነሰ ተሕዋሱን አይነካውም፣ ከበዛ ዓሣውን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ በሁለት ቀን ቀስ ተብሎ ወደ ልኩ ይወጣል፣ በየቀኑም ይለካል። ጀመርን። ፋየርፊሹ በማግሥቱ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። ሮያል ግራማው ደህና ነው፤ ይበላል፣ ገላው ንጹሕ ነው። ልጁ «ብቻውን ሆነ፣ ሳሎን እናውጣው» ብሎ አለቀሰ። ልጄም የልጇን ዕንባ መቻል አቅቷት «አባዬ፣ ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል? ወይ ይግባ ወይ ይቅር» አለችኝ። እኔ እሺ አላልኩም። ከሟቹ ጋር አንድ ውኃ ውስጥ ነበር። ልጁን ይዤው ወደ ሳሎን ወጣሁና ክላውንፊሾቹን አሳየሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እናቱ ተረጎመችለት። 30 ቀን በመዳብ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያለ መድኀኒት በክትትል እንዲቆይ ተስማማን።

የዋርድ ሥርዓትም አስለመድኩት፦ መጀመሪያ ንጹሑ ክፍል፣ በመጨረሻ ተላላፊው። ጠዋት ሳሎኑን መግቦ ነው ወደ ምድር ቤት የሚወርደው። ለትንሹ ገንዳ የራሱ መረብ፣ የራሱ ባልዲ አለው፤ እጅም ይታጠባል። ልጁ እያደር የቤት ሥራውን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሠራ ጀመር፤ ግራማው እንዳይፈራ ነው አሉ። ኳራንቲን የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛው አርባ መሆኑን፣ የቬኒስ ሰዎችም በወረርሽኝ ዘመን መርከብ 40 ቀን ያቆሙ እንደነበር ስነግረው፣ የእሱም ክርስትና በ40 ቀኑ እንደነበር አስታውሶ «ስም እናውጣለት» አለ። እስካሁን አልወጣለትም።

በ52ኛው ቀን ሙቀቱንም ጨዉንም ከሳሎኑ ጋር እኩል አድርገን፣ መብራት አጥፍተን አወጣነው። ወዲያው አልተለቀቀም፤ ቀዳዳ ባለው የሚያሳይ ሣጥን ገንዳው ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ ነባሮቹ እንግዳ ያባርራሉና። በተለይ ትልቋ ክላውንፊሽ፣ ሴቷ። እነዚህ ዓሦች ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምሩና ትልቁ ወደ ሴትነት ይለወጣል። ልጁ «እንዴት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወደ እናቱ መራሁት።

በሦስተኛው ቀን ሣጥኑ ተከፈተ። ግራማው ሮጦ ድንጋይ ሥር ገባና እስከ ማታ አልታየም። ትልቋ ሁለት ጊዜ አባረረችውና ተወችው። ትንሹ ገንዳ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደርቋል። ቻርቱ ግን ከፍሪጁ አልወረደም፤ ልጁ ለሌላ ፋየርፊሽ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው።