የጎደለው ድምፅ

የትንፋሽ መሣሪያ ሁሉ እኩሌታው በእጅ፣ እኩሌታው በአፍ ውስጥ ነው። በእጅ የሚያዘውን ነጋዴ ይሸጠዋል፤ በአፍ ያለውን ግን ተጫዋቹ ራሱ ይሠራዋል እንጂ ከየትም ገበያ አይሸምተውም።

ይህ እውነት በዋሽንት ላይ ጎልቶ ይታያል። ዋሽንት ከሸምበቆ የተቆረጠ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች ያሉት ባዶ ቱቦ ነው። ነፊው ትንፋሹን በከንፈሩ አጥብቦ በሸምበቆው ጠርዝ ላይ ካላሳረፈው ከቱቦው የሚወጣው ባዶ ነፋስ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዋሽንት ጀማሪውን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ስለ አፉ እንዲያስብ ያስገድደዋል። አርሞኒካ ግን ለማንም የሚታዘዝ ይመስላል። ሕፃን ቢነፋው ይጮኻል፤ ቢስበውም ይጮኻል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች አፋቸውን ሳያሠለጥኑ ዓመታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ያሳብባሉ።

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጣና ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ጣራ ሥር ተገናኝተዋል። የቤቱ አዛውንት ከወሎ የመጡ ናቸው። በእረኝነት ዘመናቸው ዋሽንት ይነፉ ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው ከረገፉ ወዲህ ግን ከንፈራቸው ደጋፊ አጣ፤ ሸምበቆውም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከሚያውቋቸው ዜማዎች አንዱ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚሄድ ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ውስጥ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ይህን ዜማ ለመረከብ የተነሣው የልጅ ልጃቸው የያዘው መሣሪያ ደግሞ አሥር ቀዳዳ ያለው፣ በዶ የተቃኘ ትንሽ አርሞኒካ ነው።

አዛውንቱ ካደመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉ።

«አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? እርስዎ የሚሉት ድምፅ እዚህ ውስጥ የለም» ሲል መለሰ ወጣቱ። ሌላ አርሞኒካ ለመግዛትም አሰበ።

ወጣቱ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ጀርመናዊው ማቲያስ ሆነር በ1857 እ.ኤ.አ. በትሮሲንገን ከተማ አርሞኒካ መሥራት ሲጀምር የወሎን ዜማ በሐሳቡ አልያዘም። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ መካከለኛ ቀዳዳዎች የአገራችንን ቅኝቶች አብዛኞቹን ሳይቸገሩ ያስተናግዳሉ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ለሚወጣ ሰው ትዝታ አለ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ላለው ባቲ ይገኛል። ከሚ ተነሥቶ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ቢል አምባሰልን ያገኛል። አንቺ ሆዬ ብቻ ወደ ውስጥ አልገባም ይላል። ከሲ ተነሥቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ድረስ ይሄድና አምስተኛው ድምፅ ላይ ይቆማል፤ የሚፈለገው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ነውና። ይህ ድምፅ በፋብሪካ ከተሠሩት የናስ ልሳኖች በአንዱም ላይ የለም።

ታዲያ የት ነው ያለው? በተጫዋቹ አፍ ውስጥ ነው። በስድስተኛው ቀዳዳ ሁለት የናስ ልሳኖች አሉ፤ አንዱ ሲነፉት ሶልን፣ ሌላው ሲስቡት ላን ያሰማል። ተጫዋቹ እየሳበ የአፉን ውስጣዊ ክፍተት በምላሱ ሲለውጥ፣ የሶል ልሳን ከላ ልሳን ጋር መርገብገብ ይጀምራል፤ ድምፁም በሁለቱ መካከል ወዳለው ቦታ ይጎነበሳል። በመካከላቸው ያለው ደግሞ ያ አንድ የጎደለ ድምፅ ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ጉልበት አይደለም። በመጀመሪያ መሣሪያው በከንፈር ጫፍ ተቆንጥጦ ሳይሆን፣ ወደ ከንፈር እርጥብ ክፍል ጠለቅ ብሎ ይያዛል፤ የአፍ ማዕዘናት ይዘጋሉ፤ መንጋጋ ይለቀቃል። ሁለተኛ፣ አየሩ ጉንጭ ተሰርጉዶ የሚመጠጥ አይደለም፤ ከሆድ በሚነሣ ረጋ ያለ አተነፋፈስ ይሳባል። በአፍንጫ ሾልኮ የሚገባ አየር ካለ ድምፁ አይጎነበስም። ሦስተኛ፣ ምላስ «ኢ» ከሚባልበት አቀማመጥ ወደ «ኡ» ቀስ ብሎ ይሸሻል። ጀማሪ ድምፁ እምቢ ሲለው አጥብቆ ይስባል፤ አጥብቆ በሳበ ቁጥር ልሳኑ ይታነቃል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ባዕድ መሣሪያ በአፍ አማካይነት የአገር ልሳን ሊማር እንደሚችል አስቀድሞ ያስመሰከረ ሰው አለ። በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን አሰምቷል። መሣሪያውን ፈልቅቆ አልለወጠውም፤ ጀግናው በድምፁ የሚያደርገውን መንቀጥቀጥና መወርወር በከንፈሩና በትንፋሹ ተከተለ እንጂ።

የኮልፌውም ወጣት ሌላ አርሞኒካ አልገዛም። ከሳምንታት ልምምድ በኋላ የጎደለው ድምፅ ተገኘ። አዛውንቱ ግን ወዲያው አላመሰገኑም፤ «ገና ነው፤ ጥቂት ዝቅ በል» አሉ። ልክ ነበሩ። የባህል ዜማ አዋቂዎች በፒያኖ ቁልፍ ልክ የተቆረጠ ግማሽ ድምፅ አይከተሉም። የጎነበሰ ድምፅ ደግሞ ከናሱ ልሳን የሚበልጥበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በጆሮ ታዝዞ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ጥርስ ያጣው አፍ መንፋት ባይችልም፣ የሚያስተምረው ጆሮ ግን አሁንም ሙሉ ነበር።

በየትምህርት ቤቱና በየኪነት ቡድኑ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ መምህራን ከዚህ አንድ ነገር ሊወስዱ ይገባል። ጣትንና ኖታን ከማስቆጠር በፊት አፍን ማስያዝ፣ አፍን ከማስያዝም በፊት ጆሮን አዋቂ ዘንድ ማስቀመጥ ይቀድማል። መሣሪያው ጎደሎ ሆኖ ሲገኝ ሌላ ከመፈለግ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ የቀረው እኩሌታ ተሠርቷል ወይ የሚለው ነው።