ድርና ማግ

የቋንቋ ማስተማሪያ ጽሑፍ ከሌሎች የዕውቀት ዘርፎች ጋር ይጣመር ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ከሥነ ሕይወት አንድ አንቀጽ፣ ከታሪክም ሌላ አንቀጽ ወስዶ በአንድ ጥራዝ መስፋት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ግን ድሪቶ እንጂ ሸማ አይሆንም።

ይህን ዘግይቶ የተረዳ አንድ የዩኒቨርሲቲ የአማርኛ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ከእርሻ፣ ከጤናና ከምሕንድስና የመጡ ናቸው፤ ሙያቸውን በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ አማርኛው ውጤት ከማሟላት ያለፈ ጥቅም አይታያቸውም። መምህሩ ሁሉንም የሚያገናኝ ርእስ ሲፈልግ ቆይቶ እንሰትን መረጠ። ምርጫው መልካም ነበር። እንሰት የሙዝ ዘመድ ሆኖ ሳለ የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከጉራጌ እስከ ሲዳማ፣ ከጋሞ እስከ ከፋ የሚሊዮኖች ቀለብ ነው። ቆጮው ለሥነ ሕይወት፣ ቃጫው ለእጅ ጥበብና ለንግድ፣ ጓሮው ለኅብረተሰብ ጥናት በር ይከፍታል።

መምህሩ መጻሕፍት አገላብጦ፣ ምንባቡን በተዋበ አማርኛ ጽፎና አባዝቶ አደለ። አንዱ ዐረፍተ ነገር «ገበሬው እንሰቱን ፍቆ በጉድጓድ ይቀብረዋል» ይላል። ንባቡ እንዳበቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት የጉራጌ አገር ልጅ እጇን አነሣች።

«ይቅርታ መምህር፤ በእኛ ዘንድ ወንድ እንሰት ይተክላል እንጂ አይፍቅም። የምትፍቀው እናቴ ናት።»

ቀጥላም እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከግንዱ የተገነጠለውን ቁራጭ በእግሯ ከሳንቃው ጋር አጣብቃ በቀርከሃ መፋቂያ እንዴት እንደምትፍቀው፣ ተጨምቆ ከወጣው ውሃ ሥርም ነጩ ቡላ እንዴት እንደሚዘቅጥ አስረዳች። የምሕንድስናው ተማሪ መፋቂያውን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣለ። የጤናው ተማሪ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ «ይፈላል» ቢል፣ ሌላው «እሳቱ ከየት መጥቶ?» ሲል ጠየቀ። «ይብላላል» የሚለው ቃል የተገኘው ከዚህ ክርክር በኋላ ነው፤ የሚኮመጥጠው ቆጮ ለምን ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይም በዚያው ተብራራ። በዚያን ቀን ቋንቋና ሳይንስ እንደ ድርና ማግ ተገናኙ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ልጅቱ እንደ ወትሮዋ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ወረቀት በየዓመቱ እየተባዛ የእናቷን ድካም ለሌላ ሰው ሲሰጥ በኖረ ነበር። ጉድለቱ የሰዋስው አልነበረም፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲታይ እንከን የለበትም። የጎደለው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምስክርነት ነው።

ስለዚህ ጥምር ጽሑፍ የሚያዘጋጅ መምህር፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ከየሙያው ባልደረቦቹ ጋር ሊመክር፣ ረቂቁንም ተማሪዎቹ እንዲያርሙት ሊያቀርብ ይገባዋል። የእንሰቱ መምህር ይህንኑ አደረገ። ምንባቡን እንደገና ሲጽፍ መጀመሪያ የለወጠው ባለቤቱን ነበር፤ «ገበሬው» የሚለውን ሰርዞ «እናት» ሲል ጻፈ።