ከሠርጉ በኋላ የመጣ ትኩሳት



የሠርግ መጥሪያ ካርዶች አድራሻቸውን እየቀየሩ ነው። ድሮ የአዳራሽ ስም ይጻፍበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ሐይቅ ዳር፣ እርሻ ውስጥ፣ ወይን ማሳ መሃል የሚል እናያለን። ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ባቱ (ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት) አካባቢ ባለ የወይን እርሻ ውስጥ አገባች። እኔ በበኩሌ ከአዳራሽ ሠርግ አብልጬ ወድጄዋለሁ። ልጆች እንደ ልብ የሚሮጡበት ሜዳ አለ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ዲጄው እስኪጀምር ድረስ ሰው ሳይጮኽ ያወራል። ስለዚህ አትሂዱ ልላችሁ አይደለም።

ግን ወደዚያ ስትወርዱ የሚቀየረው አየሩ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ባብዛኛው ወባ ያለበት ነው። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ፣ ምሳ ሳይቀርብ ወባ አገር ገብታችኋል ማለት ነው። “ጥር በጋ አይደል እንዴ?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ወባ በብዛት የሚነሣው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሐይቅና በመስኖ የሚለማ መሬት ባለበት ግን ውኃው በበጋም ስለማይደርቅ ትንኟም ጨርሳ አትጠፋም።

የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ የመስክ ሠርግ የሚደምቀውም በዚያው ሰዓት ነው። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ መብራቶቹ ሲበሩ ዞር ብዬ አየሁ። ሚዜዎቹ ትከሻቸው ባዶ፣ ልጆቹ በቁምጣ፣ ግማሾቹም ጫማቸውን አውልቀው ሣር ላይ። ከሁላችን ደህና ለብሰው የነበሩት እናቶቻችን ናቸው፤ ረጅም የሀበሻ ቀሚስ፣ ከላይ ነጠላ።

ሠርጉ ካለፈ በ12ኛው ቀን አክስቴ ደወለች። ቀለበት ይዞ የገባው የአምስት ዓመት ልጅ ትኩሳት ከጀመረው ሁለት ቀን ሆኖታል። አንድ ክሊኒክ ወስደውት “ታይፎይድ ነው” ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል፣ ትኩሳቱ ግን አልወረደም። “ባቱ ሄዶ እንደነበር ነገራችኋቸው?” አልኳት።

“እሱ ደግሞ ምን አገናኘው? ከመጣን ሁለት ሳምንት ሊሞላን ነው እኮ!”

የሚያገናኘው እሱ ነው። ወባ በተነደፍን ማግስት አያሳምምም። ተውሳኩ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ በዚያ ጊዜ ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ምንም አይታይበትም። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ይታያል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊነሣ ይችላል። በማግስቱ የመጣ ትኩሳት ቢሆን እንዲያውም ከወባ ይልቅ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ተገኘ። መድኃኒቱን ጀመረ፣ ዛሬ ደህና ነው።

ስለ ታይፎይዱ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን ያመረተውን መከላከያ ነው። ድሮ በነበረ ሕመም፣ በክትባት፣ በራሱ በወባም ሳቢያ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያ ወረቀት ብቻውን ወባን አያስቀርም። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ያየ ባለሙያ ካልነገራችሁት ወባ ላይታየው ይችላል። ሳትጠየቁ ንገሩ፦ የት ሄዳችሁ ነበር፣ ስንት ሌሊት አደራችሁ፣ ስንት ቀን ሆነው። የመጀመሪያው የወባ ምርመራ ነጻ ቢሆንና ትኩሳቱ ቢቀጥል በ12 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ይደገም።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሠርግ የምትመጡ ዘመዶቻችንም ይህ ይመለከታችኋል። “እኛ እዚሁ ያደግን ነን” አይሠራም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከመጀመሪያውም ወባን የለመደ አይደለም፤ ቆላ ያደገውም ለዓመታት ሲርቅ የነበረው መከላከያ ይቀንሳል። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆች እጅጌውና እግሩ ረጅም የማታ ልብስ ያዙ። የትንኝ መከላከያ ቅባት ስትቀቡ ቁርጭምጭሚትን አትርሱ። የፀሐይ ቅባት ካለ እሱ ይቅደም፣ የትንኙ ከላይ ይሁን። ልጆች እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ መዳፋቸው ላይ አትቀቡ፤ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ቅባቱ ቀርቶ አጎበር ብቻ። የምታድሩበትን ሆቴል አጎበር እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። የወባ መከላከያ ክኒንም አለ፤ ነገር ግን ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ስለዚህ ሐኪም ሳታማክሩ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወባ ለእናቲቱም ለጽንሱም ከባድ ነውና ማደሩን ራሱ ደግማችሁ አስቡበት።

ስለ ወይኑም እግረ መንገዴን፦ ማሳው ላይ ያለው ፍሬ ፀረ ተባይ ሊረጭበት ስለሚችል ልጆች ቆርጠው አይብሉ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበውንም ለትንንሾቹ በቁመቱ ሰንጥቁላቸው፤ ሙሉው ፍሬ ጉሮሮ ይዘጋል። እንግዳው ለጭፈራ ሲነሣ ብርጭቆ ውስጥ የተረፈውን ወይን ጠጅ ደግሞ ቶሎ አንሡ። ሕፃን ልጅ ጥቂት ቢጠጣ እንኳ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ከተመለሳችሁ በኋላ በቀጣዮቹ ወራት ልጁ ካተኮሰ የዚያኑ ዕለት አስመርምሩት። የሚሰጡትን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፤ በሩ ላይ ስለ ትኩሳቱ ስትናገሩ ባቱ ሄዶ እንደነበርም አብራችሁ ተናገሩ።